ዜና አንባቢ ለመሆን የከፈልኩት 12,000 ብር

በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በእግሩ የሚያልፍ ሰው በየምሰሶው የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ሳያይ አይቀርም። «የቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሥልጠና፤ በሦስት ወር ብቁ ዜና አንባቢ ይሁኑ» ይላሉ። ከጽሑፉ በላይ ፀጉሯን በሥርዓት የተሠራች፣ ደረቷ ላይ ማይክ የሰካች ወጣት ፎቶግራፍ አለ። እኔም ከእነዚህ ማሠልጠኛዎች በአንዱ ተምሬ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በሪፖርተርነት እሠራለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ እየደወሉ «እህቴ፣ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚሉኝ ልጆች ስለበዙ፣ ለሁሉም የሚሆን መልስ በጽሑፍ ላስቀምጥ ብዬ ነው።

የማሠልጠኛውን ስም አልጠራም። ከተመሳሳይ ተቋማት የወጡ ባልደረቦቼን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ጥንካሬውም ጉድለቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ አይለያይም። የምመዝነው አንዱን ቤት ሳይሆን አገልግሎቱን ነው። ፍርዴንም ቀድሜ ልናገር፦ ገንዘቤ አልባከነም። ነገር ግን ዋጋ ያለውን ትምህርት ያገኘሁት ማስታወቂያው ላይ ባልተጻፈው ክፍል ነው፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ደግሞ ከሁሉም የሳሳው ነበር።

ስመዘገብ ለጽሑፍ እንግዳ አልነበርኩም። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ በአንድ ወረዳ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ስብሰባ መዘገብ ነው። አስተዳዳሪው ገለጹ፣ ኃላፊው አሳሰቡ፣ ተሳታፊዎች ደስታቸውን ገለጹ። አርሶ አደሩ ቦታ ከተረፈ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ይገባል። ቴሌቪዥን የፈለግኩት ያንን አርሶ አደር ወደ ፊት ለማምጣት ነው። ይህንኑ ለመዝጋቢዋ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና «መልክሽም ድምፅሽም ለስቱዲዮ የተመቸ ነው» አለችኝ። ደግ ሰው ናት፤ ያቀረበችልኝ ግን ያልጠየቅኳትን ነበር።

ክፍያው 12,000 ብር ሲሆን ግማሹ በምዝገባ ጊዜ፣ ግማሹ ሥልጠናው ሲጋመስ ይከፈላል። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን ነው፤ በሌላው ቀን ለሚሠራ ሰው ይመቻል። አክስቴ ቄራ አካባቢ ቤቷን ባትከፍትልኝ ኖሮ ግን የቤት ኪራዩ ብቻ ከሥልጠናው ክፍያ ይበልጥ ነበር። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ይህን ቀድማችሁ አስሉ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ያህል ሠልጣኞች ነበርን። ያለን ዕቃ ሁለት ካሜራ፣ አንድ ባለሦስት እግር መቆሚያ፣ ምስል የሚቀናበርባቸው አራት ኮምፒውተሮችና ከመብራቶቹ አንዱ የማይበራ ስቱዲዮ ነው። ሁለት ካሜራ ለሠላሳ ሰው ማለት አብዛኛውን ሰዓት የሌላውን ትከሻ እያዩ መቆም ማለት ነው። በዚህ በኩል ያለኝ ቅሬታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ የመዝጋቢዎቹን ቁጥር በግማሽ መቀነስ ወይም አንድ ካሜራ መጨመር ከአቅማቸው በላይ አልነበረም።

የሥልጠናው ሰፊው ጊዜ ለስቱዲዮ ተሰጥቷል። ከኋላ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ከፊት ጽሑፍ የሚያንከባልል ቴሌፕሮምፕተር፣ ፊት ላይ ፓውደር። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ አርዕስተ ዜናው ሲያልቅ ወደየትኛው ካሜራ እንደሚዞሩ ተማርን። እነዚህ ነገሮች አያስፈልጉም አልልም። ነገር ግን ጀማሪን ከምሰሶ ላይ ማስታወቂያ አንሥቶ የምሽት ዜና ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ጣቢያ የለም። እኔ ባየሁት፣ ያ ወንበር ላይ በእምነት የሚቀመጠው ለዓመታት ዜና ሲያሳድድ፣ ሲጽፍና ሲያርም የቆየ ሰው ነው። ምክንያቱም ቀጥታ ሥርጭት ላይ ምስል ይጠፋል፤ ከሥፍራው የሚያወራው ዘጋቢ ስልኩ ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት አንባቢው ክፍተቱን የሚሸፍነው በሪፖርተርነት ዘመኑ ባከማቸው ዕውቀት እንጂ በፀጉሩ አሠራር አይደለም። ማስታወቂያው የመንገዱን መጨረሻ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደ መነሻ ይሸጠዋል፤ ወጣቶችን የሚጎዳውም ይኸው ነው። ከእኔ ጋር ከተማሩት ውስጥ ወንበሩን ባለማግኘታቸው ብቻ ተስፋ ቆርጠው ሙያውን የተዉ አሉ፤ ከመካከላቸው ጥሩ ሪፖርተር ይወጣቸው የነበሩ መኖራቸው ያንገበግበኛል።

ከስቱዲዮው ወገን ሊመሰገኑ የሚገባቸው ድምፅ ያስተማሩን መምህርት ናቸው። ለብዙ ዓመታት ሬዲዮ ላይ የሠሩ ሴት ናቸው። የሚነበበውን ወረቀት በእርሳስ ምልክት ሳናደርግበት አፋችንን እንድንከፍት አይፈቅዱም ነበር። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ጭረት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ ዓይን ያልፈዋል፤ አድማጭ ግን ወዲያው ይሰማዋል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። «3,450,000» የሚል ካገኙ «ይህን ማን ያስታውሰዋል? ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ብላችሁ ጻፉት» ይላሉ። የቦታን ስም ደግሞ የዚያው አካባቢ ሰው ሳይጠየቅ እንዳይነበብ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር፤ አሁንም ስለ አንድ ሩቅ ቀበሌ የምጽፈው ዜና ሲኖር ስልክ ደውዬ የነዋሪውን አጠራር እሰማለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የካሜራና የዜና አጻጻፍ መምህራችንን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። በቴፕ ዘመን ካሜራ ተሸክመው አገሩን የዞሩ ሰው ናቸው፤ የቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሏል። ማሠልጠኛው በማስታወቂያው ላይ ስማቸውንም ሥራቸውንም አልጠቀሰም። ከከፈልኩት 12,000 ብር ውስጥ አብዛኛው ለእሳቸው ሰዓት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በቡድን ከፋፍለው «ሾላ ገበያ ሂዱና የሽንኩርት ዋጋን ሥሩ» አሉን። ሄድን፣ ቀረጽን፣ ጻፍን። ተመልሰን ስናሳያቸው ድምፁን አጠፉና ምስሉ እየሄደ ጽሑፋችንን እንድናነብ አደረጉ። «ሸማቾች ሽንኩርት ሲገበያዩ ይታያል» የሚለው ጋ ሲደርስ አስቆሙን። «ይታያል ካላችሁ አየሁት፤ ለምን ትነግሩኛላችሁ?» ሰረዙት። «ገበያው በሰው ተጨናንቋል»፣ ሰረዙት። ምስሉ ቀድሞ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሲያወጡ ከጽሑፋችን የተረፈው ሢሶው ነው። ከዚያ «አሁን ምስሉ ሊናገር የማይችለውን ጻፉ» አሉን። ምስሉ የባለፈውን ወር ዋጋ አይናገርም። ሽንኩርቱ ከመቂና ከባቱ አካባቢ መምጣቱን፣ ዝናብ ሲበዛ ማሳ ላይ እየበሰበሰ አቅርቦቱ እንደሚቀንስ፣ በመካከል ስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አይናገርም። ይህን ለማግኘት እንደገና ወደ ሾላ ሄድን፤ በዚህኛው ጉዟችን ከካሜራው ይልቅ ደብተራችን ሠራ።

ከቀረጽነው ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብር አወጡ። ሻጩ ሽንኩርቱን መዘነ፤ ሒሳቡ ከብራቸው በለጠ። ምንም ሳይነጋገሩ ሻጩ ሁለት ራስ ሽንኩርት ከሚዛኑ ላይ አነሣ፤ የብረቱ ሚዛን ኳ ብሎ ተስተካከለ። እኛ በላዩ ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ረጅም ዓረፍተ ነገር አስቀምጠንበት ነበር። ጋሼ አስቁመው ወደ ኋላ መለሱትና «እዚህ ጋ ዝም በሉ» አሉ። «ሚዛኑ ኳ እስኪል ዝም በሉ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ብቻ ንገሩኝ።» እንዳሉት አደረግን። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ያንን ዜና ስናየው አንገታችንን ደፋን። ለቴሌቪዥን መጻፍ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበውን የረሃብ ዘገባ፣ አሁንም ድምፁን አጥፍተው፣ አሳዩን። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዘገባው በዓለም ዙሪያ በብዙ ጣቢያዎች ታይቶ እርዳታውን አንቀሳቅሷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርትም መነሻው ይኸው ምስል ነው። ለሠልጣኙ ሁሉ ትልቅ የሙያ ምሳሌ ነው። እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝ። ያ ምስል በቴሌቪዥን በተደጋገመ ቁጥር እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እጄን አውጥቼ «ጋሼ፣ እነዚህን ሰዎች ማን አስፈቀዳቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ቶሎ አልመለሱልኝም። ምስሉን አቁመው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ምስሉ እህል አስመጥቷል፤ ይህ እውነት ነው። አብዛኞቹን ሰዎች ዛሬም በስም አናውቃቸውም፤ ይህም እውነት ነው። አንቺ ካሜራ ስታስደግኚ ስም ጠይቂ። እምቢ ያለሽን ሰው ተዪው» አሉኝ። ጣቢያ ከገባሁ በኋላ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ ስንላክ ከካሜራ ባለሙያው ጋር አስቀድመን የምንስማማው በዚህ ነው፦ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይከፈታል። አንዳንድ ቀን በዚህ ምክንያት ምስል ያንሰናል፤ ከአርታኢው ጋርም ተነጋግረንበታል። አልለወጥኩም፤ አልለውጥምም።

የመሐመድ አሚንን የሙያ ጉዞም ጋሼ በዝርዝር ነገሩን። ናይሮቢ ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ካሜራ ይዞ የጀመረ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ እየቀረጸ ሳለ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት ወደ ሥራው ተመለሰ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከክፍላችን ውስጥ ካሜራ ይዞ ለመቅረት የፈለገ አንድም ሠልጣኝ አልነበረም፤ ሁሉም ከፊት መቆም ይፈልግ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ልጆች ሐሳባቸውን ቀየሩ። አንደኛው ዛሬ ከእኔ ጋር በአንድ መኪና ለዘገባ ይወጣል።

ሕግ የተሰጠን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ይህን አጥብቄ እነቅፋለሁ። ያስተማሩን ጠበቃ ጎበዝ ነበሩ፤ ሰዓቱ ግን አልበቃቸውም። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ስም ማጥፋት በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር የሚታይ መሆኑን፣ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰውም ለተጨማሪ ምርመራ በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመቆጣጠር ስለወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሲጀምሩ ሰዓቱ አለቀ። የታሰሩ ባልደረቦች ባሉበት ሙያ ውስጥ የሚገባ ወጣት መብቱንም ግዴታውንም ከፓውደር አቀባብ በላይ ሊማር ይገባዋል።

ስለ ሙያው እርከን ደግሞ ጭራሽ ያስተማረን የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን በዚህ ሙያ መግቢያው በር አንድ ብቻ ነበር። ዛሬ የክልል ጣቢያዎችና በሳተላይት የሚሠራጩ የግል ጣቢያዎች ስላሉ በሩ በዝቷል። ደረጃው ግን ያው ነው፦ ጀማሪ ሪፖርተር፣ ሪፖርተር፣ ከፍተኛ ሪፖርተር፣ ከዚያ አዘጋጅነት፣ ከዚያ ዋና አዘጋጅነት። ከሬዲዮ የሚመጡ አሉ፤ ድምፃቸው የተገራ ስለሆነ ቶሎ ይራመዳሉ። ከካሜራ ወይም ከምስል ቅንብር ተነሥተው ሪፖርተር የሆኑም አሉ፤ እነሱ የሚጽፉት ዜና አጭርና ንጹሕ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ማሠልጠኛው አይነግራችሁምና። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የዜና ስብሰባ አለ። ሐሳብ ይዞ ያልገባ ጀማሪ የሚደርሰው ኩነት ነው፤ የአንድ ድርጅት ምርቃት ወይም የአዳራሽ መግለጫ። የስምሪት መኪናውን ሌላ ቡድን ስለሚጋራው አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ አርታኢው ያርማል፤ ድምፅ ትቀዳላችሁ፤ ከዚያ የምስል አቀናባሪ ወረፋ አለ። ይህ ሁሉ ለምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና መድረስ አለበት። የለፋችሁበት ዜና በሰዓት ጥበት ምክንያት ሊቀር ይችላል፤ እናቶቻችን ደግሞ ቴሌቪዥን ከፍተው እየጠበቁን ነው። ደመወዙ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ፊት አንገቱን የደፋ ነው፤ የመስክ አበል ባይኖር ብዙዎቻችን አንዘልቅም ነበር። ስለዚህም ልምድ ያካበተ ሪፖርተር ስሙ በታወቀ ማግሥት ወደ ባንክ፣ ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይሄዳል። አልወቅሳቸውም፤ ልጆች ያሳድጋሉ። ነገር ግን ጠያቂና በሳል የሆነ ሰው ከዜና ክፍሉ በወጣ ቁጥር ለጀማሪው የሚያርምለት ሰው ይጠፋል፤ የዜናችንም ጥራት የሚወርደው በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሠልጠኛው «ከጣቢያዎች ጋር እናገናኛለን» ብሎ የገባው ቃል አንድ ስቱዲዮ በማስጎብኘት አለቀ። ሥራውን ያገኘሁት በማስታወቂያ ተወዳድሬ ነው። ፈተናው ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ባለሦስት ገጽ መግለጫ ሰጥተው በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ የአንድ ደቂቃ ዜና እንድናወጣበት አዘዙን፤ ከዚያ ካሜራ ፊት አነበብነው። ዲግሪ ጠይቀውኛል፤ የሥልጠና ምስክር ወረቀቴን ግን ያየው የለም። ባለሦስት ገጹን መግለጫ ሳነብ የተሰማኝ የጋሼ እርሳስ ነበር። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የፕሮጀክቱ ተጠቃሚዎች ቁጥር ተቀብሮ አገኘሁት፤ መሪ አንቀጼን ከእሱ ጀመርኩ። የኃላፊውን ንግግር ወደ ታች አወረድኩት።

እንግዲህ ለምትደውሉልኝ ሁሉ፦ ዲግሪ የሌላችሁ በዚህ ሥልጠና ብቻ ጣቢያ እንገባለን ብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ከቻላችሁ በዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ተማሩ። ዲግሪው ያላችሁና መጻፍ የምትወዱ፣ በተለይ ከሬዲዮ ወይም ከኮሙኒኬሽን ሥራ የምትመጡ፣ ተመዝገቡ፤ ይጠቅማችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ስቱዲዮውን ሊያሳዩአችሁ ሲነሡ ወደ ምስል ማቀናበሪያው ክፍል ውሰዱን በሏቸው። ካሜራና ዜና አጻጻፍ የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ ጠይቁ። ለአንድ ካሜራ ስንት ሠልጣኝ እንደሚደርስ ቁጥሩን ተቀበሉ። የሠራችሁትን ዜና በፋይል ይዛችሁ እንድትወጡም ከወዲሁ ተስማሙ፤ ጣቢያዎች የሠራችሁትን ማየት ይፈልጋሉ። አሁን ክፍያው እኔ ከከፈልኩት ከፍ ማለቱን ሰምቻለሁ። በሁለት ጊዜ መክፈል የሚፈቅዱ ከሆነ ሁለተኛውን ግማሽ ካሜራ ይዛችሁ ገበያ ከወጣችሁ በኋላ ክፈሉ።